ናፊያ የተረጎመችው ፊልም

«ያንን ፊልም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ ነው! ደግሞ በሐረር ከተማ ከእኔ በቀር ፊልሙ ያለው ሰው የለም!» አለች ናፊያ፣ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቅላ እንደ ጅራፍ እያወዛወዘች።

ስክሪኑ ጨልሟል። ሙክታር ጎል ሊያገባ ነበር፤ ጆይስቲኩን እንደያዘ፣ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«አቦ! አንቺ ልጅ ጤና የለሽም እንዴ? ሰኪው!»

«መጀመሪያ ያልከውን መልሰህ ዋጠው።»

«ምን አልኩ?»

«‹ጌም የወንድ ነው፤ ወንድ ሠራው፣ ወንድ ይጫወተዋል፤ ሴት ሒሳብ ተቀብላ በር ላይ ትቀመጥ› አላልክም?»

«ታዲያ ውሸት ነው? ቅድም እንዳልኩሽ፣ እስቲ ጌም የሠራች አንዲት ሴት ጥሪልኝ።»

ናፊያ የምትጠራው ስም አልነበራትም። ስም ያጣ ሰው ወይ ዝም ይላል ወይ ይጮሃል፤ ናፊያ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረባትም። ስለ ፊልሙ የጮኸችው ለዚህ ነው።

«ዘጋቢ ፊልም ነው» አለች አገጯን ቀና አድርጋ። «የጌም ታሪክ። ማን እንደጀመረው፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደከሰረበት። ሴቶቹም አሉበት። ቅዳሜ እዚሁ አሳይሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ በር ላይ የሚቀመጠውን እናያለን።»

ልጆቹ ሳቁ። ሙክታር አልሳቀም፤ እሱ የታየው ያልገባችው ጎል ብቻ ነበር።

ጌም ቤቱ ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ የጀጎል መተላለፊያ ውስጥ ነው። ድሮ የሰው ሳሎን ነበር። ሐረሪዎች ነደባ የሚሉት፣ ደረጃ ደረጃ ያለው ቀይ የተቀባ መደብ እስካሁን አለ። በድሮው ወግ ከላይኛው ነደባ ላይ አባወራው ይቀመጥ ነበር፤ እንግዳ እንደየማዕረጉ ዝቅ ዝቅ ይላል፤ ከበሩ ኋላ ያለችው ጠባብ መደብ የመጨረሻው ሰው ናት። የጌም ቤቱ ልጆች ይህን ወግ አልሻሩትም፤ ለራሳቸው አደረጉት እንጂ። ያሸነፈ ላይ ይወጣል፣ የተሸነፈ ከበር ኋላ ይወርዳል። ናፊያ አብዛኛውን ከሰዓት የምታሳልፈው ላይ ሆና ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱን የደፈነ፣ ጢሙን በየቀኑ በስልክ ካሜራ የሚጎበኝ ሙክታር፣ ከበር ኋላ ተቀምጦ የእሷን የጫማ ሶል ሲያይ መዋል አንገሽግሾታል።

«ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?»

ሁሉም ዞሩ። በሩ ላይ የቆሙት የናፊያ አክስት፣ አክስት አሚና ነበሩ። ቤቱ የእሳቸው ነው። ጌም ቤት ከሆነ ወዲህ ግን ደጃፉን ረግጠው አያውቁም፤ ከግቢያቸው ሆነው በግድግዳ በኩል መስማት በቂያቸው ነበር።

«ምንም አይደለም አክስቴ፤ ስለ ታሪክ እየተወያየን ነው» አለች ናፊያ ገመዱን ከጀርባዋ ደብቃ።

«ታሪክ ነው እንዲህ የሚያስጮኸው? ስሚ፣ ከሶፊ ገጠር የመጣው ሰዒድ ይህን ክፍል ጠይቆኛል። ጫት የሚያስመርጥበትና የሚያሳስርበት ቦታ ይፈልጋል። እሰጠዋለሁ።»

የናፊያ ፊት ተለወጠ። ጌም ቤቱን የከፈተው ወንድሟ አብዱልፈታ ነው፤ ግን የጅጅጋ መስመር ሾፌርነት አግኝቶ ሲሄድ ማሽኖቹን ለእሷ ትቷል። እሷ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረሰችም። የምታውቀው ይህን ክፍል ነው። ጠዋት የምትከፍተው፣ የምትጠርገው፣ የሚጣላውን የምትገላግለው፣ የላላ ጆይስቲክ ፈትታ ከአሮጌው ጎማውን አውጥታ የምትተካው እሷ ናት።

«ይሄ ቤት እኮ ሥራዬ ነው፣ አክስቴ።»

«ሥራ? የልጆች ጩኸት ሥራ ነው? አብዱልፈታ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ባለቤት የለውም።»

«እኔስ?»

«አንቺ ሴት ልጅ ነሽ።»

«እርስዎስ ምን ነዎት? ቤቱ የእርስዎ አይደል?»

ባርኮት ከጥግ «ውይ» አለ ቀስ ብሎ። ባርኮት የናፊያ ጓደኛ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ መነጽራም፣ ከጀጎል ውጭ ከሚኖሩት የክርስቲያን ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ፣ በኳስ ጌም ሁሌ የሚሸነፍና መሸነፉ ግድ የማይሰጠው። አክስት አሚና ለጥቂት ጊዜ የወንድማቸውን ልጅ ትኩር ብለው አዩ። ሊቆጡም ሊስቁም የሚችሉ ይመስሉ ነበር።

«ምላስሽስ ከወንድም በልጧል» አሉ። «ታሪክ አልሽ አይደል? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እመጣለሁ። ሰዒድም ክፍሉን ለማየት ይመጣል። ሥራ መሆኑን፣ ሰው የሚማርበት ነገር መሆኑን ካሳየሽኝ ቁልፉን ላንቺ እሰጣለሁ። የኳስ ጩኸት ከሆነ ግን ለሰዒድ ነው። ወላሂ አልመለስም።»

ሲወጡ ቁልፉ ከመቀነታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር።

አሁን እውነቱ ይነገር። ናፊያ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አላየችም። አንድ ጊዜም አላየችም። ያየችው የማስታወቂያውን ቁራጭ ነው፤ ስልኳ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ጌም ቤቱ ባዶ በሆነበት ቀን። ነጭ ጠጉሯ የተንጨባረረ አንዲት ሴትዮ ከአሮጌ ማሽን አጠገብ ተቀምጣ ትስቃለች፤ ከሥሯ «የጌም ሠሪ» ይላል። በቃ፣ ያችን ብቻ። ናፊያ ግን ያችን ቁራጭ ደጋግማ ከማየቷ የተነሳ የሴትዮዋ ጥርስ ስንት እንደሆነ ሁሉ ታውቃለች።

አክስቷ መጥተው በሄዱበት ቀን ጊደር መጋላ ገበያ ወርዳ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭነውን ልጅ ጠየቀችው።

«ስለ ጌም የተሠራ ፊልም?» አለ። «ለምን? ጌሙን ራሱን ልጫንልሽ?»

ባርኮት ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረው። «በነፃ የሚያወርዱበት ቦታ አለ እኮ። ቆይ ማታ ልፈልግልሽ።»

«አልፈልግም።»

«ለምን?»

«አክስቴ ፊት ‹ይሄ ሥራ ነው፣ ሰዎች ለፍተውበታል› ልል ነው። የተሰረቀ ፊልም እያሳየሁ ምን ብዬ?»

ባርኮት መነጽሩን ከፍ አደረገ። ናፊያን እንደዚህ የጨዋ ነገር ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። እሷም ራሷን ሰምታ ትንሽ ደነገጠች።

ፊልሙ የሚሸጠው ኢንተርኔት ላይ ባለ የፊልም መደብር ነው። መደብሩ ደግሞ የውጭ አገር ካርድ እንጂ የናፊያን የሞባይል ብር አያውቅም። ዱባይ ሆቴል ውስጥ የምትሠራው የአጎቷ ልጅ ዘሀራ ግን ካርድም፣ በመደብሩ የተከፈተ መዝገብም አላት። ናፊያ ለመነቻት፤ አሞገሰቻት፤ በመጨረሻም «ካልገዛሽልኝ ለእናትሽ ያንን ፎቶ አሳያለሁ» አለቻት። ማታ የዘሀራ ድምፅ መጣ።

«ናፊ፣ አንቺ ሸይጣን፣ አድርጌልሻለሁ። ስሚኝ፤ መግዛት አለ፣ መከራየት አለ። መግዣው ስለከበደኝ ተከራየሁልሽ፤ በእኔ አካውንት ገብተሽ ታዪዋለሽ። አንዴ ከከፈትሽው በማግስቱ ይዘጋል። እስከ ቅዳሜ እንዳትነኪው!»

ናፊያ መልሳ ደወለች። «ተከራየሽ? እኔ እኮ ‹አለኝ› ብዬ ተናግሬያለሁ!»

«ለአንድ ቀን አለሽ።»

«አክስቴ ይሄን ብትሰማ...»

«ምን ትላለች? እሷም ቤት አከራይ ናት፤ ይገባታል።»

ሁለት ሌሊት ሙሉ የፊልሙ ሥዕል ስልኳ ላይ ተቀምጦ አያት፤ አየችው። ጣቷን ታስጠጋና ትመልሳለች። ባርኮት «እንግሊዝኛ ነው እኮ፤ ልተርጉምልሽ?» ቢላት፣ አጠገባቸው ሙክታር ስለነበር «በቃሌ ነው አልኩህ!» ብላ አፉን አስያዘችው። በልቧ ግን ነገሩ በሥዕል ስለሆነ ይገባኛል ብላ ነበር። ጌም ራሱ እንግሊዝኛ አይደል? መቼ ተርጓሚ ፈልጋ ታውቃለች?

ቅዳሜ ክፍሉ ሞላ። ጆይስቲኮቹ ተሰብስበው ካርቶን ውስጥ ገብተዋል። አክስት አሚና በላይኛው ነደባ ላይ፣ የጀመሩትን ስፌት ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ወስፌያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከእሳቸው ዝቅ ብሎ ሰዒድ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ የመጣ ትሑት ገበሬ፣ የግድግዳውን ስፋት በዓይኑ ይለካል። ልጆቹ መሬት ላይ ናቸው። ከበር ኋላ ባለችው ጠባብ መደብ ላይ ደግሞ ሪሃናና ሁለት የሠፈር ሴት ልጆች ተጣበው ተቀምጠዋል፤ አክስት አሚና ስላሉ ነው ቤታቸው የፈቀደላቸው። ሪሃና ከበሩ ሥር ሆና ጌሙን በድምፁ ብቻ ስትከታተል የኖረች ልጅ ናት፤ ዛሬ ዓይኗ የሚያርፍበት አጥቶ ይዞራል።

ናፊያ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘች፤ ነካች። ስክሪኑ ላይ ቁጥር የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን ወጣ።

«ምን ይላል?» አለ ሙክታር ደስ ብሎት።

«የይለፍ ቁጥር ወደ... ወደ ባለቤቱ ስልክ ልከናል ይላል» አለ ባርኮት።

«ባለቤቱ አንቺ አይደለሽ? ስልክሽን እዪዋ!»

ናፊያ ጆሮዋ እስኪቀላ ድረስ ዘሀራ ጋ ደወለች። አታነሳም። እንደገና። ሰዒድ «ክፍሉ መስኮት የለውም እንዴ?» ብሎ አክስት አሚናን ጠየቀ። እንደገና። በመጨረሻ ዘሀራ በሹክሹክታ «እንግዳ ፊት ነኝ!» አለች።

«ቁጥሩን ብቻ!»

«የምን... እሺ ሰር፣ ዋን ሞመንት... ጻፊ፣ ጻፊ...»

ተጻፈ። ስክሪኑ ጠቆረና ሙዚቃ ጀመረ። ናፊያ እንደ ድል አድራጊ ዞር አለች።

መጀመሪያ የታየው ጢማም ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። በአሮጌ ማሽኖች በተሞላ መደርደሪያ ፊት ተቀምጦ ያወራል። ያወራል። ያወራል። ሥዕል የለም። እሱ ሲጨርስ ሌላ ጢማም መጣ።

«ምን እያሉ ነው?» አሉ አክስት አሚና።

ባርኮት አፉን ሊከፍት ሲል ሙክታር ቀደመው። «ናፊያ ትንገረን እንጂ! በቃሏ ነው እኮ። ሦስት ጊዜ አይታዋለች። አይደል ናፊያ?»

ሁሉም አዩዋት። ባርኮት «ልርዳሽ?» በሚል ዓይን አያት። ናፊያ ተነስታ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። በየቪዲዮ ቤቱ የሕንድና የአሜሪካን ፊልም በአማርኛ የሚተርኩት ሰዎች ትዝ አሏት፤ አንድ ሰው ጀግናውንም ወንበዴውንም ልጅቷንም ይሆናል። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይሄ ሰውዬ... የመጀመሪያውን ጌም የሠራው ነው» አለች። «‹በዚያን ጊዜ› ይላል፣ ‹ማሽኑ የቁም ሣጥን ያህል ነበር። ሰው ሁሉ አበደ ብሎኝ ነበር›።»

«ቀጥዪ» አሉ አክስት አሚና። ወስፌያቸው ይሄዳል፤ ዓይናቸው ግን ስክሪኑ ላይ ነው።

ቀጠለች። መጀመሪያ ላይ የምታውቃቸውን ቃላት እንደ ድንጋይ እየረገጠች ተሻገረች፤ «ማሽን»፣ «ካምፓኒ»፣ «መኒ»። ወንዙ ሲሰፋ ድንጋዩን ትታ ዋኘች። ከሳሪውን አከሰረች፣ ሀብታሙን አበለጸገች፣ ሁለቱን ጢማሞች ወንድማማች አድርጋ በውርስ አጣላቻቸው። በኋላ ሰዎች በረሃ ላይ ቆፍረው አሮጌ የጌም ካሴቶች ከአፈር ውስጥ ሲያወጡ ታየ።

«ይሄስ?» አለ ሰዒድ ወደ ፊት ተስቦ።

«የሞተ ጌም ነው። አልሸጥ ሲላቸው ቀበሩት።»

«ኢና ሊላሂ!» አለ ሰዒድ፣ ሰው የሞተ ያህል ከልቡ። ባርኮት ራሱን በመገረም ነቀነቀ፤ ያንን እንኳ በትክክል ገምታዋለች።

ከዚያ ሴትዮዋ መጣች። ያው ነጭ የተንጨባረረ ጠጉር። ሴትዮዋ እጇን እያወናጨፈች በፍጥነት ትናገራለች፤ ከምትለው ውስጥ ናፊያ የያዘችው «ጌም» የሚለውን ብቻ ነበር። ሙክታር ፈገግ ሲል አየችው። ከበሩ ኋላ ደግሞ ሪሃና አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች።

«‹እኔ›» አለች ናፊያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «‹እኔ ጌም ስሠራ ወንዶቹ ከበር ኋላ አስቀመጡኝ። ማሽኑን ጠዋት የማበራው እኔ፣ የተሰበረውን የምጠግነው እኔ፣ ወለሉን የምጠርገው እኔ። ሲጣሉ የምገላግላቸው እኔ። ጨዋታ ላይም አሸንፋቸዋለሁ! ቁልፉ የሚሰጥበት ቀን ሲመጣ ግን ሴት ናት አሉ። ሴት ከሆንኩማ ትናንትም ሴት ነበርኩ። ትናንት ስጠርግ ለምን ማንም አላስታወሰውም?›»

የአክስት አሚና ወስፌ ቆመ።

«‹ትምህርቴን አቋረጥኩ›» ቀጠለች ናፊያ፤ አሁን ማቆም አልቻለችም። «‹ሰው ሁሉ ምንም አታውቅም ይለኛል። እኔ ግን ማሽኑ ሲታመም በድምፁ አውቀዋለሁ። ከዚህ ቤት ብታስወጡኝ ቤት አጣሁ አልልም፤ ማሽኑን በራሴ ተሸክሜ ጎዳና ላይ እከፍተዋለሁ! ለማንም አልለምንም!›»

«ይቺ ፈረንጅ» አለ ሙክታር ቀስ ብሎ፣ «ሐረር ነው እንዴ የምትኖረው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰዒድ እንኳ አፉን በእጁ ሸፈነ። ናፊያ ፊቷ እንደ ነደባው ቀላ፤ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋ ስክሪኑ ላይ ሙዚቃ ብቻ ይሰማል፤ ሴትዮዋ በዝግታ ስትራመድ ይታያል።

«አቁሚው» አሉ አክስት አሚና።

ቆመ። ሳቁም ቆመ።

«ባርኮት፣ አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። እንግሊዝኛ ትችላለህ። ሴትዮዋ ያለችው ይሄን ነው?»

ባርኮት መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። ሳይቆሽሽ እንደገና ጠረገው። ናፊያን አላያትም።

«እ... በግምት...» አለ። «ነገሩ... ሐሳቡ ላይ...»

ውሸት የማይችልበት ልጅ ነው፤ አንገቱ ሁሉ አላበው። ሙክታር እንደ ድመት እየጠበቀው ነበር። ናፊያ አየችው። ቁልፉን አየች፤ ከአክስቷ መቀነት ላይ ነው፣ እጅ ቢዘረጋ ይደረስበታል። ባርኮት አንዲት «አዎ» ብትወጣው ያበቃል።

«ተወው ባርኮት» አለች። «አላለችም። ምን እንዳለች አላውቅም። ፊልሙንም አይቼው አላውቅም፤ የኔም አይደለም፣ ዘሀራ ናት የተከራየችልኝ። ነገ ይዘጋል።»

«በለው!» አለ ሙክታር።

«አንተ ዝም በል፤ አልጨረስኩም!» ወደ አክስቷ ዞረች፤ ድምፅዋ አልወረደም። «ሴትዮዋ አላለችውም። እኔ ግን ብዬዋለሁ። ያልኩት ውስጥ ደግሞ ውሸት የለም። ከፈለጉ ለሰዒድ ይስጡት!»

አክስት አሚና ስፌቱን ከጭናቸው ላይ አነሱ፤ ከጎናቸው አስቀመጡት።

«ታዲያ በፈረንጅ አፍ ምን አስባለሽ?» አሉ። «እኔ እዚሁ ነኝ፤ ግድግዳ ነው የሚለየን። ‹አክስቴ፣ ጠዋት የማበራው እኔ ነኝ› ብለሽ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ነግሬዎት አላውቅም» አለች ናፊያ ቀስ ብላ። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«አሁን መልሱት» አሉ አክስት አሚና። «ሴትዮዋ ከምትጀምርበት። ባርኮት ይንገረን። እኔ እሷን መስማት እፈልጋለሁ።»

ናፊያ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቦታውን ለባርኮት ለቀቀችለት። ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ነበር፤ አልወጣችም። በልጆቹ መካከል አልፋ ከበር ኋላ ወደምትገኘው ጠባብ መደብ ሄደችና «ጠጋ በዪ» አለቻት ሪሃናን። የተሸነፈ የሚወርደው እዚያ ነው። ማንም ውረጂ አላላትም።

ባርኮት ጀመረ። እንደ ናፊያ ድምፁን አይለዋውጥም፤ ክፍል ውስጥ ተነስቶ እንደሚያነብ ተማሪ ነው።

«‹እውነቱን ለመናገር› ትላለች፣ ‹እኔ ጌም አልወድም ነበር›።»

«ምን?» አለች ናፊያ ከበር ኋላ።

«‹አሁንም ብዙ አልወድም። ሥራ ነበር። ወንበሩ መጥፎ ስለነበረ ወገቤን አሞኛል፤ እስካሁን ያመኛል። ጌሙ ላይ ስማችንን አይጽፉም ነበር፤ የሴቶችንም፣ የወንዶችንም›።»

«የወንዶችንም!» አለ ሙክታር። «ሰማችሁ? የወንዶችንም!»

«‹ሰዎች ሴት ሆነሽ እንዴት ሠራሽው ይሉኛል። ጥያቄው አይገባኝም። ጠዋት እገባለሁ፣ የተበላሸውን አስተካክላለሁ፣ ማታ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ጥሩ አድርጌ ሠራሁት። ሌላ ምን ልበላችሁ?›»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ያው የማስታወቂያው ሳቅ ነው። ናፊያ ያንን ሳቅ የድል ሳቅ አድርጋ ነበር የያዘችው። አሁን ስታየው ወገቧን ያመማት፣ ጥያቄ የሰለቻት ሰው ሳቅ ነበር።

«ይቺስ ገባችኝ» አሉ አክስት አሚና። «ሥራ አለች። ማሻአላህ። ሌላ ጌጥ አላበዛችበትም።»

ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም አልተነሳም። ሲያልቅ ሰዒድ ጫማውን እየፈለገ «እኔ እንኳ የምጣደፍበት ነገር የለኝም። መስኮት የሌለው ክፍል ጫት ያጠወልጋል» አለ፤ ሰበብ እንደሆነ ግን ለማንም አልተሰወረም። ሙክታር ወደ በሩ ሲሄድ ናፊያ ፊት ቆመ።

«ፊልሙን አላወቅሽውም፤ ያልሽው ነገር ግን...» ቃል ፈለገ፣ አጣ። «ነገ ገመድ ብትነቅዪ እገልሻለሁ» ብሎ ወጣ።

ሪሃና ግን አልወጣችም። ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ጆይስቲኮች አየች፤ ከዚያ አክስት አሚናን። አክስት አሚና ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ነደባው ላይ፣ ከስፌታቸው አጠገብ አኖሩት።

«ቅዳሜ ከሰዓት የሴት ልጆች ይሁን» አሉ። «እኔም ስፌቴን ይዤ እቀመጣለሁ። ጩኸት ከሰማሁ ግን ቁልፉ ይመለሳል።»

ናፊያ ከበር ኋላ ተወርውራ መጣችና ቁልፉን አፈፍ አደረገችው። ነፍሷ ተመለሰች፤ ምላሷም አብሮ።

«ብዬ አልነበር! እንደሚሆን አውቄ ነበር! ግን አክስቴ፣ ይመኑኝ፣ ትርጉሜ ራሱ ልክ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ሰዒድ እኮ ኢና ሊላሂ አለ! ሙክታር ሊያለቅስ ነበር! አንድም ሰው አልነቃብኝም፤ ባርኮት ብቻ ነው፣ እሱም ስለተማረ ነው። እርስዎ ራስዎ ወስፌው እስኪቆም ድረስ አምነውኝ አልነበር?»

አክስት አሚና ስፌታቸውን ሰብስበው ብብታቸው ሥር አደረጉ።

«ሴትዮዋ አፏን ከዘጋች በኋላም አንቺ ታወሪ ነበር» አሉና ወጡ።